የቦዊ ቢላዋና የሰብሳቢዎቹ ፈተና

ከጥንታውያን የእጅ መሣሪያዎች መካከል እንደ ቦዊ ቢላዋ ስሙ የገነነ፣ መልኩ ግን በእርግጥ ያልታወቀ እምብዛም አይገኝም። በአሜሪካ ምድር ይህንኑ ቢላዋ ለመሰብሰብ ዕድሜያቸውንና ሀብታቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የሁሉም መነሻ የሆነውን የመጀመሪያውን ቢላዋ በእጁ ይዞ «እነሆ ይህ ነው» ብሎ ያረጋገጠ ግን አንድም ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰብሳቢውን የሚያጓጓው ይህ ክፍተት ነው፤ አታላዩንም የሚያበላው ይኸው ክፍተት ነው።

ለሠራዊታችን አባላትና ለባለቤቶቻቸው ይህን ርእስ ያቀረብነው ባዕድ ነገር ለማድነቅ ብለን አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት ከአባት ወይም ከአያት የወረደ ጎራዴ፣ ሾተል ወይም ጊሌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አለዚያም በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይገኛል። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብና በብዙ ብስጭት የተማሩት ነገር ለእነዚህ ቤቶች ሳይጠቅም አይቀርም። (ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1827፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን ነው። በሚሲሲፒ ወንዝ፣ በናቼዝ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የአሸዋ ደለል ላይ ሳሙኤል ዌልስና ዶክተር ቶማስ ማዶክስ የተባሉ ሁለት ሰዎች በሽጉጥ ሊጋጠሙ ተቀጣጥረው ተገናኙ። ሁለት ሁለት ጊዜ ተኮሱ፤ ሁለቱም ሳቱ፤ ተጨባብጠውም ታረቁ። ጠቡ በዚሁ ባበቃ ነበር። ዳሩ ግን አጅበዋቸው የመጡት ወዳጆቻቸው የቆየ ቂም ነበራቸውና እርስ በርሳቸው ተያያዙ። ከዌልስ ወገን የነበረው ጄምስ ቦዊ ዳሌው ላይ በጥይት ተመታ፤ ጥይቱ ባለቀ ሽጉጥ ራሱን ተፈነከተ። የቆየ ጠላቱ ኖሪስ ራይትም በከዘራ ውስጥ የተሸሸገ ሰይፍ መዝዞ ደረቱን ወጋው። ሰይፉ ከደረቱ አጥንት ጋር ተጋጭቶ ጎበጠ። ቦዊ ራይትን ወደ ራሱ ጎትቶ በያዘው ትልቅ ቢላዋ ገደለው። በዚያ ቀን የሞቱት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፣ የቦዊ ቍስል ግን ዳነ። ጋዜጦች ወሬውን ከዳር እስከ ዳር አዳረሱት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሰው ሁሉ ወደ አንጥረኛው እየሄደ «እንደ ቦዊ ያለ ቢላዋ ሥራልኝ» ይል ጀመር።

ለመሆኑ ያ ቢላዋ ምን ይመስል ነበር? ታላቅ ወንድሙ ሪዚን ቦዊ በ1838 በጋዜጣ በወጣ ደብዳቤው የመጀመሪያውን ቢላዋ ያሠራው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ፣ ያሠራውም ለአደን እንጂ ለጠብ እንዳልነበረ ገልጿል። እንደ ደብዳቤው ቃል ስለቱ ዘጠኝ ኢንች ከሩብ፣ ማለትም 23 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም፣ አንድ ኢንች ተኩል የሚሰፋ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለና ያልተቈለመመ ነበር። ልብ ብለን ብናየው ይህ ከትልቅ የሥጋ ቢላዋ ብዙም አይለይም። ዛሬ ስሙ ሲነሣ በሁላችንም ሐሳብ የሚመጣው፣ ጫፉ በጀርባው በኩል ተሰርጕዶ የሾለ፣ ከእጀታው በላይ የናስ መከታ ያለው ግዙፍ መሣሪያ በደብዳቤው ውስጥ የለም። ይህን መልክ በሕዝብ ዓይን ውስጥ አትሞ ካስቀሩት ነገሮች አንዱ አላን ላድ የተጫወተበት የ1952ቱ «ዘ አይረን ሚስትረስ» የተባለ ፊልም ነው።

ቦዊ ራሱ ማርች 6 ቀን 1836 በቴክሳስ፣ በአላሞ ምሽግ፣ ታሞ ከተኛበት አልጋ ሳይነሣ በሜክሲኮ ወታደሮች ተገደለ። ቢላዋው የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። ሰውየውን ጀግና ብቻ አድርገው የሚያቀርቡት ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን ሌላውን ገጹን መሸፈን አይገባም እንላለን። ቦዊና ወንድሞቹ በድብቅ ባሪያ እያስገቡ የነገዱ፣ የስፔይን መንግሥት የሰጠው መሬት ነው እያሉም ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረቡ ሰዎች ነበሩ። በሐሰተኛ ወረቀት የነገደ ሰው ስሙ ዛሬ በሐሰተኛ ቢላዎች ላይ ተቀርጾ ሲነገድበት ማየት የሚያስገርም ነው።

በክርክሩ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የአንጥረኛው የጄምስ ብላክ ታሪክ ነው። ብላክ በአርካንሶ ግዛት፣ ዋሽንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ይሠራ ነበር። ብረት የሚያጠነክርበትን ጥበብ ማንም እንዳያይበት ከቆዳ መጋረጃ በስተጀርባ ሆኖ ይሠራ ነበር ይባላል። የታወቀውን የቦዊ ቢላዋም በ1830 ገደማ የሠራው እርሱ ነው የሚሉ አሉ። በኋላ ዓይኑ ጠፋ። ያለ ረዳት የቀረውን ሰው ጆንስ የተባሉ ሐኪም ወደ ቤታቸው ወስደው ለረጅም ዘመን ጦሩት። በ1870፣ ሰባ ዓመት ሲሞላው፣ ለተደረገለት ደግነት ወሮታ እንዲሆን ምስጢሩን ለሐኪሙ ልጅ ሊያወርስ ወሰነ። ወረቀትና ቀለም አስመጣና ልጁን ጻፍ ብሎ አስቀመጠው። ቢያስብ፣ ቢያስብ፣ ቢቆም፣ ቢመላለስ፣ ምስጢሩ አልመጣለትም፤ ከአእምሮው ጠፍቶ ነበር። ሽማግሌው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከሁለት ዓመት በኋላም ሞተ። ሊጽፍለት ተቀምጦ የነበረው ዳንኤል ዌብስተር ጆንስ ከ1897 እስከ 1901 የአርካንሶ አገረ ገዥ የሆነው ሰው ነው፤ ታሪኩንም ያቈየልን እርሱ ነው። ነገሩ በአብዛኛው በአንድ ሰው ትዝታ ላይ የቆመ በመሆኑ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ብላክ ዓይኑ ሳይጠፋ አንዲት ወረቀት ጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልተነሣ ነበር።

ቢላዋው በሕግም ተከሷል። አላባማ በ1837 በእያንዳንዱ የቦዊ ቢላዋ ሽያጭ ላይ መቶ ዶላር ግብር ጣለች፤ ቴኔሲም በ1838 ጨርሶ እንዳይሸጥ ከለከለች። ነጋዴው ግን አልተገታም። በእንግሊዝ የሼፊልድ ከተማ ፋብሪካዎች ለአሜሪካ ገበያ በብዛት ይሠሩ ጀመር። ከእነዚህ ዋናው ጆርጅ ዎስተንሆልም ወደ አሜሪካ እየተመላለሰ ይነግድ የነበረ ሲሆን፣ ፋብሪካውንም «ዋሽንግተን» ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። ስለዚህ ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ከሚገኙት አሮጌ የቦዊ ቢላዎች ብዙዎቹ የአሜሪካን አንጥረኛ መዶሻ ያላዩ የእንግሊዝ ሥራዎች ናቸው።

የሰብሳቢው ጥበብ የሚጀምረው ከእነዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፋብሪካ ምልክት ይተዋል። በስለቱ ላይ፣ ከእጀታው አጠገብ፣ ዘውድና «ደብልዩ አር» የሚሉ ፊደላት ቢገኙ ከ1830 እስከ 1837 የነገሠውን ንጉሥ ዊልያምን፣ «ቪ አር» ቢገኙ ከ1837 እስከ 1901 የነገሠችውን ንግሥት ቪክቶሪያን ያመለክታሉ። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ፈተና አለ። የአሜሪካ መንግሥት በ1890 ባወጣው የቀረጥ ሕግ መሠረት፣ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ታዘዘ። ስለሆነም «ኢንግላንድ» የሚል ቃል የታተመበትን ቢላዋ አንድ ሻጭ «አላሞ ላይ ነበር» ቢል፣ ገዢው ተከራክሮ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልገውም፤ ባርኔጣውን አንሥቶ መውጣት ነው። ቃሉ አለመኖሩ ግን የጥንት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ በሞረድ ፍቆ ማጥፋት ቀላል ነውና።

ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በደቡብ ወገን የተሠሩት ደግሞ የባሰ ፈተና ናቸው። የየመንደሩ አንጥረኛ ካረጀ ሞረድና ከጋሪ ብረት እየቀጠቀጠ ለዘማቾች አደላቸው፤ አብዛኞቹ ስም የላቸውም። የጆርጂያው አገረ ገዥ ጆሴፍ ብራውን በ1862 በጠመንጃ እጦት ምክንያት ጦርና ረጃጅም ቢላዋ አሠርቶ ነበር። ወጣት ወታደሮችም ሊዘምቱ ሲሉ ይህን ቢላዋ ደረታቸው ላይ አድርገው ፎቶግራፍ ይነሡ ነበር። ጉዞው ሲበረታ ግን ብዙዎቹ መንገድ ላይ ጥለውት ሄደዋል፤ ጥይትና ውሃ ተሸክሞ የተጓዘ እግረኛ ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል። አሠራሩ ሻካራ፣ ብረቱ አሮጌ፣ ስም የሌለው መሣሪያ ለአስመሳይ የተመቸ ነው። አሮጌ ሞረድ ገዝቶ፣ ቀጥቅጦ፣ በአሲድ አጥቍሮ፣ መሬት ውስጥ ቀብሮ ለሚያወጣ ሰው ብረቱ ራሱ አይመሰክርበትም።

የተካነ ሰብሳቢ ግን ሌላ ነገር ያያል። የእውነተኛ አገልግሎት መዳመጥ እጅ በሚያርፍበትና ስለቱ ከሰገባው ጋር በሚፋተግበት ቦታ ላይ ነው፤ የሐሰተኛው መዳመጥ ግን በሁሉም በኩል እኩል ነው። የቆየ ዝገት ጥቍር ሆኖ በብረቱ ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ነው፤ የቅርብ ጊዜው ቀላ ብሎ በጣት ይነሣል። ይህ ሁሉ ተመርምሮ ካለቀ በኋላ እንኳ የመጨረሻው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ? ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የኑዛዜ ወረቀት ያለው ተራ ቢላዋ ወረቀት ከሌለው ያማረ ቢላዋ ሊበልጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዘመናችን በእጅ የሚሠሩትንም የሚሰበስቡ አሉ። የፍሎሪዳው ቦ ራንዳል አንድ ሰው በቢላዋ የጀልባ ቀለም ሲፍቅ ተመልክቶ፣ ስለቱ አለመጐዳቱ አስደንቆት የራሱን መሥራት ጀመረ፤ ያ ቢላዋ የዊልያም ስኬግል ሥራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ራንዳልን የውጊያ ቢላዋ ሥራልን እያሉ ይጽፉለት ነበር። በ1976 የተቋቋመው የአሜሪካ ቢላዋ አንጣሪዎች ማኅበርም ለሊቅነት ማዕረግ ከባድ ፈተና ይሰጣል። ተፈታኙ ራሱ የሠራው ቢላዋ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት መቍረጥ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ከዚያ በኋላም የክንድ ጠጕር መላጨት፣ በመጨረሻም ሳይሰበር ዘጠና ዲግሪ መታጠፍ አለበት። ማኅበሩ በ1988 ትምህርት ቤቱን የከፈተው ጄምስ ብላክ ምስጢሩን በረሳባት በዚያችው በዋሽንግተን ከተማ፣ በአርካንሶ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ በተለይም ይህን ዐምድ ለምታነብቡ የቤት እመቤቶች የሚከተለውን ለማሳሰብ እንወዳለን። ከቆዩት ጎራዴዎቻችን ብዙዎቹ ስለታቸው በጀርመን አገር፣ በዞሊንገን ከተማ የተሠራ ሲሆን፣ እጀታቸው በአገራችን ከአውራሪስ ቀንድ ተበጅቷል። የፋብሪካው ስም፣ የአንበሳው ሥዕል ወይም የአማርኛው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ እንደ ፀጕር በቀጠነ መስመር የተቀረጸ ነው። ለበዓል ይብረቅ ተብሎ በአመድ፣ በሸክላ ፍርፋሪ ወይም በሎሚ በታሸ ቍጥር ያ መስመር ይጠፋል። ከጠፋም አይመለስም። ጥቍርቁር ማለቱ ቈሻሻ ሳይሆን ዕድሜው ነው። ቀይ ዝገት ከታየ በጠመንጃ ዘይት በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ አድርጎ መጥረግ ብቻ ይበቃል።

በር ላይ መጥቶ «ይህን አሮጌ ብረት ልግዛችሁ» ለሚል ሰው የችኮላ መልስ አይሰጥም። ባል በግዳጅ ላይ ሳለ በአንድ ጆንያ እህል ዋጋ የሄደ ጎራዴ ሲመለስ አላየንም። በተጨማሪም በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በወጣው አዋጅ ቍጥር 209 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የአውራሪስ ቀንድ ንግድ ደግሞ ከ1977 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደ ስለሆነ፣ በሻንጣ ይዞ የሚወጣ ሰው በጉምሩክ በር ላይ ከባድ ችግር ይገጥመዋል።

ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ግን ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ነው። አያቶች በሕይወት ሳሉ አንድ ወረቀት ይጻፍ፤ መሣሪያው የማን ነበር፣ ከየት ተገኘ፣ መቼና በማን እጅ አለፈ፣ ይህንስ የተናገረው ማነው? ጸሓፊው «አይቻለሁ» የሚባለውንና «ሲባል ሰምቻለሁ» የሚባለውን ለይቶ ያስቀምጥ። አያት ዐድዋ ዘምተዋል ተብሎ ሲወራ የተሰማ እንደ ሆነ «ተብሏል» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ለማሳመር አይጨመርበት። ወረቀቱ በብረቱ ላይ አይለጠፍ፤ በአጠገቡ በፖስታ ይቀመጥ።

ስለ አቀማመጡም፦ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ስለቱ ከአፎቱ ወጥቶ፣ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ አፎቱም በአጠገቡ ለብቻው ይሁን። የእጅ ላብ ጨው ስላለበት ብረቱ በባዶ ጣት ከተነካ በኋላ ይጠረግ። ዘይቱን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሲገባና ክረምት ሲወጣ፣ ስስ አድርጎ ማደስ ይበቃል።