ማዳም ማድሌን ቪዮኔና በሰያፍ የተቈረጠ ልብስ

ስለ ልብስ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱት መልኩንና ጌጡን ነው። ነገር ግን ጨርቁ እንዴት እንደ ተቈረጠ፥ አቈራረጡም የማን ሀብት እንደ ሆነ መመርመር ለባህል ጥናት ከዚህ ያላነሰ ጥቅም አለው። ለዚህም የፈረንሳዊቱ የልብስ ሠሪ የማዳም ማድሌን ቪዮኔ ሕይወት ምሳሌ ይሆነናል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ማዳም ቪዮኔ በ1876 ዓ.ም. በሺለር ኦ ቧ መንደር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ትምህርታቸውን ትተው የስፌት ሙያ ለመማር ገቡ። በሎንዶን፥ ቀጥሎም በፓሪስ በካሎ እኅትማማቾችና በዣክ ዱሴ ቤት ከሠሩ በኋላ፥ በ1912 የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ቤቱ በ1914 በተነሣው ጦርነት ምክንያት ቢዘጋም፥ ከሰላም በኋላ ተስፋፍቶ በ1923 ወደ ሞንቴኝ ጎዳና ተዛወረ። ሠራተኞቹም ከ1,000 በላይ ሆኑ፤ ለእነርሱም ሕክምናና ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይሰጣቸው ነበር።

የጥበባቸው መሠረት እንደሚከተለው ነው። ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሲሳብ እምብዛም አይለጠጥም፤ በሰያፍ ሲሳብ ግን ድርና ማጉ የሚሠሩት አራት ማዕዘን ስለሚያዘነብል ይለጠጣል፥ የሰውነትንም ቅርጽ ይከተላል። በሰያፍ መቍረጥ ቀድሞም ለአንገትጌና ለመሳሰለው ይታወቅ ነበር፤ ማዳም ቪዮኔ ግን ለሙሉ ቀሚስ አዋሉት። ስለዚህ ወገብን የሚያስረው ኮርሴት ሳያስፈልግ ልብሱ በገላ ላይ ይወርድ ጀመር። ንድፉንም በወረቀት ከመሣል ይልቅ፥ ጨርቁን በትንሽ የእንጨት ምስል ላይ እያለበሱ ይፈልጉት ነበር።

ይሁን እንጂ ለዓይን የቀለለ ልብስ ለቀጂዎች እጅ ቅርብ ነው፤ በዚያን ጊዜም የልብስ ሥራ እንደ መጽሐፍ ደራሲ ያለው ሥራ መሆኑን ብዙዎች አይቀበሉም ነበር። ማዳም ቪዮኔ ግን እያንዳንዱን ልብስ ከፊት፥ ከጎንና ከኋላ ፎቶግራፍ አስነሥተው በአልበም ያኖሩ፥ በልብሱም ምልክት ላይ የአውራ ጣታቸውን አሻራ ያሳርፉ ነበር። ቀጂዎችንም በፍርድ ቤት ከሰሱ።

በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሥራቸውን አቆሙ። በ1952 ከ100 በላይ ልብሶችን፥ ከተራ ጨርቅ የተሰፉ 750 ያህል ናሙናዎችንና 75 አልበሞችን ለአልባሳት ጥበብ ለቆመ የፈረንሳይ ማኅበር ሰጡ፤ ስብስቡም ዛሬ በፓሪስ የጌጣጌጥ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል። ራሳቸውም በ1975 በ98 ዓመታቸው ዐረፉ።

አሜሪካዊቱ ተመራማሪ ቤቲ ከርክ አቈራረጡን አጥንተው በመጽሐፍ አሳትመዋል፤ ጃፓናዊው ኢሴ ሚያኬም ከዚህ ሥራ ተምረዋል። እንግዲህ ቀጂን ለመከላከል የተከማቸው ማስረጃ፥ ለኋለኛው ትውልድ የትምህርት መዝገብ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ልብስን ለቤተ መዘክር የሚሰበስብ ሰው ያለቀለትን ልብስ ብቻ ሳይሆን፥ የሥራውን መንገድ የሚያሳየውን ናሙና ጭምር መጠበቅ እንዳለበት ከዚህ ይረዳል።