ፀሐይ ስለሚገባበት ታላቅ የዓሣ ማሳያ ገንዳ አሠራር

ፀሐይ የለምለም ነገር ሁሉ ምግብ ናት። ይሁን እንጂ ቡቃያውን ያሳደገች ፀሐይ ዝናም በራቀው ማሳ ላይ ያንኑ ቡቃያ መልሳ እንደምታቃጥለው ከገበሬ የተሰወረ አይደለም። ይህ የፀሐይ ሁለት ፊት ከእርሻም ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ሥራ አለ፤ ይኸውም አኳሪየም የሚባለው፥ ዓሣና የውሃ ተክል በመስተዋት ግድግዳ ውስጥ እየኖሩ ለሕዝብ የሚታዩበት ገንዳ ነው። ገንዳው ታላቅ በሆነ መጠን፥ ለፀሐይም በቀረበ መጠን ውበቱ ይበዛል፤ አደጋውም እንደዚሁ ይበዛል።

ለከተማ አዳራሽ ወይም ለትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ገንዳ ለማቆም የሚያስብ ሹም፥ ወይም በግቢው ለማሠራት የሚወድ ባለሀብት አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አንድ ነው። ብርሃን ያለ ዋጋ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ዕዳ ያመጣል። ዕዳውም የሚከፈለው በውሃ እንቅስቃሴ፥ በማጣሪያ፥ በጥላና በሰው እጅ ነው። ይህን ሳያስብ ሰፊ መስኮት ከፍቶ ገንዳውን ከአጠገቡ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ወር ይመሰገን ይሆናል። ወራት ሲቈጠሩ ግን ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ዓሣውን ከዓይን ይሰውራል፤ ከዚያም አንድ ቀን ማለዳ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፎ ይገኛል። በዚህ ዓይነት የሕዝብ ገንዘብና የፍጥረት ሕይወት አብረው ይጠፋሉ።

ነገሩ በመጀመሪያ እንዴት እንደ ታወቀ

የሥራው ታሪክ ራሱ ይህንኑ ያስተምራል፤ ዓመታቱም በአውሮፓ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ዐዋቂ የመረመረውን ነገር ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር አቀረበ። ይህ ሰው ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ቫሊስኔሪያ ከተባለ የውሃ ሣር ጋራ በአንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ ነበር። ሣሩ በብርሃን ኀይል ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ይሰጥ ነበር። ነገር ግን የሣሩ ቅጠል መበስበስ፥ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገርም ማደግ በጀመረ ጊዜ ውሃው ደፈረሰ። ዋሪንግተንም ቀንድ አውጣ ቢጨምርበት የበሰበሰውንና የዘለገለገውን እየበላ ውሃውን አጠራለት። እንግዲህ ትምህርቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህ ነው፤ ብርሃን ያሳደገውን የሚበላ ወይም የሚለቅም ከሌለ ውሃ ጠርቶ አይኖርም።

ከዚህ በኋላ በ1853 የለንደን የአራዊት ማኅበር ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት በአትክልት ስፍራው ከፈተ። ቤቱ በብረትና በመስተዋት የተሠራ ነበርና ብርሃን በብዛት ይገባበት ነበር። በዚያ ዘመን የብርሃንን ብዛት የሚያሸንፍ ብልሃት ያገኘው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ነው። እርሱ በ1864 በሃምቡርግ፥ በ1871 ደግሞ በለንደን በክሪስታል ፓላስ የዓሣ ማሳያዎችን ሲያሠራ፥ ሕዝብ ከሚያየው ገንዳ የሚበልጥ ጨለማ የውሃ ማጠራቀሚያ ከበታች አደረገ፤ ውሃውንም በሞተር ኀይል ሳያቋርጥ ከጨለማው ወደ ብርሃኑ፥ ከብርሃኑ ወደ ጨለማው እንዲመላለስ አዘዘ። አረንጓዴው ዋቅላሚ ብርሃን ካጣ ይሞታልና ውሃው በጨለማ ውስጥ ይጠራል። ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ብልሃት ዛሬም አላረጀም።

የሞንተሬይ የባሕር ጫካ

ፀሐይን ፈርቶ ከመሸሽ ይልቅ በልኩ ጠርቶ ያስገባ ታላቅ ገንዳ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ አገር በሞንተሬይ ከተማ ይገኛል። ስፍራው ቀድሞ ሰርዲን የተባለውን ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ነበር፤ ፋብሪካውም በ1973 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ዴቪድ ፓካርድ የተባለው ባለ ኢንዱስትሪ ከቤተ ሰቡ ጋራ ገንዘብ አውጥቶ ጥቅምት 20 ቀን 1984፥ ይኸውም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥቅምት 10 ቀን 1977፥ የባሕር ፍጥረት ማሳያው ለሕዝብ ተከፈተ።

በውስጡ ከሚታዩት ሁሉ ስመ ጥሩው የኬልፕ ጫካ የተባለው ገንዳ ነው። ኬልፕ ከባሕር ወለል ተነሥቶ እንደ ዛፍ የሚቆም ታላቅ የባሕር አረም ሲሆን፥ በተመቸው ባሕር ውስጥ በአንድ ቀን እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። የገንዳው ጥልቀት 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የሚይዘውም ውሃ ወደ 1.3 ሚሊዮን ሊትር ይደርሳል። መስኮቶቹ አክሪሊክ ከተባለ፥ እንደ መስተዋት ከጠራ ነገር የተሠሩ ሲሆኑ ውፍረታቸው 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ውፍረት ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ውሃው ከገንዳው ወለል አጠገብ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 8 ቶን ተኩል ያህል ኀይል ስለሚጫን ነው።

ገንዳው ጣራ የለውም፤ ፀሐይ በቀጥታ ከላይ ትገባለች። ነገር ግን ፀሐይ ብቻዋን ጫካውን አላሳደገችውም። ኬልፕ የሚመገበው እንደ ምድር ተክል በሥሩ ሳይሆን በቅጠሉ ስለ ሆነ፥ ውሃ በቅጠሉ ላይ ካልተመላለሰ ምግቡን አያገኝም። ስለዚህ ፓካርድ ራሱ ውሃውን እንደ ማዕበል ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዝ መኪና ዐቀደ። ዳግመኛም ቀዝቃዛ ውሃ ከአጠገቡ ካለው ባሕር እየተሳበ ዘወትር ይገባል። ይህ ውሃ ቀን ቀን ተጣርቶ ይገባል፥ ጎብኚዎች በጥሩ ያዩ ዘንድ፤ ሌሊት ግን ሳይጣራ ይለቀቃል፥ በባሕሩ ውስጥ ያለው ረቂቅ ምግብና የፍጥረት ዘር አብሮ ይገባ ዘንድ። በዚህ መንገድ ማንም ያላመጣቸው ብዙ የባሕር ፍጥረቶች ራሳቸው ገብተው በዐለቱ ላይ ተተክለዋል።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብ የሚገባው የሰው እጅ ነው። በገንዳው ውስጥ ኬልፑ በየቀኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ስለዚህም ጠላቂዎች ዘወትር ገብተው አትክልተኛ አጥሩን እንደሚከረክም ይቈርጡታል፤ መስኮቱንም ይወለውላሉ። ይህ ቢቀር ኬልፑ የውሃውን ፊት ሸፍኖ ለበታቹ ብርሃን ይከለክል ነበር።

ፀሐይ ውሃን የምትጎዳበት ምክንያት

ዓሣ የበላው ነገር በውሃ ውስጥ አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። በአሸዋና በጠጠር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ለማሳ ማዳበሪያ እንደ ሆነ ሁሉ በውሃ ውስጥም ማዳበሪያ ነው። እንግዲህ በማዳበሪያው ላይ ፀሐይ ቢጨመር አረንጓዴው ዋቅላሚ እንደ ክረምት ሣር ይነሣል።

ዋቅላሚው ቀን በብርሃን ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳልና ኦክሲጅኑን ይፈጃል። ስለዚህ በአረንጓዴ ውሃ ውስጥ ኦክሲጅን ከሁሉ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ዓሣው በማለዳ ወደ ውሃው ፊት ወጥቶ አፉን ቢከፍት ቢዘጋ ተራበ ተብሎ ምግብ አይጣልለት፤ ትንፋሽ አጥሮት ነውና። ከዚህም ጋራ ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛ ውሃ ይልቅ የሚይዘው ኦክሲጅን ያነሰ ነው። በባሕር ጠረፍ አንድ ሊትር ጨው የሌለው ውሃ በ10 ዲግሪ 11 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፥ በ30 ዲግሪ ከ8 ሚሊግራም በታች ይይዛል።

በኢትዮጵያ ደጋ ለሚሠራ ገንዳ ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች

1ኛ፤ ስለ መሠረቱ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ርዝመቱ 6፥ ወርዱ 3፥ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ገንዳ የድንጋዩና የመስተዋቱ ክብደት ሳይቈጠር 36 ቶን ውሃ ይይዛል። ስለዚህ በፎቅ ላይ ሳይሆን በጠንካራ መሬት፥ መሐንዲስ በመረመረው መሠረት ላይ ይቁም።

2ኛ፤ ስለ ብርሃኑ መግቢያ። በሞንተሬይ ፀሐይ በቀትር ጊዜ ዓመቱን ሁሉ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ናት። በአዲስ አበባ ግን በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማለቂያ በቀትር ከራስ በላይ ትቆማለች፤ በእነዚህም ሁለት ጊዜያት መካከል በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ የፈረንጅ አገርን የመስኮት አቅጣጫ እንዳለ መገልበጥ አይጠቅምም። ብርሃኑ ከላይ ይግባ፤ መግቢያውም የሚጠቀለል መጋረጃ ይኑረው፥ በበጋ እንዲጋረድ በክረምት እንዲገለጥ። የጎን መስኮት ግድ ከሆነ የምሥራቁ ይሻላል፤ የምዕራቡ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሞቀውን ውሃ ይብሱን ያሞቀዋልና። ተመልካቾች የሚቆሙበት ስፍራ ደግሞ ጨለምለም ያለ ይሁን፤ አለዚያ መስተዋቱ የዓሣውን ሳይሆን የተመልካቹን መልክ ያሳያል።

3ኛ፤ ስለ ማጣሪያው። ጠጠርና አሸዋ ያለበት ማጣሪያ፥ ቢቻል ከጨለማ ማጠራቀሚያ ጋራ፥ ከገንዳው ጋራ አብሮ ይሠራ። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ድረስ ብዙ ሳምንት ያስፈልጋልና ለምረቃው በዓል ተብሎ ዓሣው ሁሉ በአንድ ቀን አይግባ። ጥቂት ጥቂት እያሉ መጨመር ይገባል።

4ኛ፤ ስለ ውሃው እንቅስቃሴ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። በውሃ ውስጥ የሚሟሟውም ኦክሲጅን በዚያው መጠን በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በጠረፍ አገር የሚበቃ ሞተር በደጋ ላይበቃ ይችላል፤ ለተመሳሳይ ገንዳም የሚገቡት ዓሦች ማነስ አለባቸው። የኤሌክትሪክ ኀይል ቢቋረጥ የሚተካ ጄኔሬተር አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ በሌሊት የቆመ ሞተር እስኪነጋ ድረስ ጊዜ አይሰጥምና።

5ኛ፤ ስለ ተክሉ። የውሃ ተክል ዋቅላሚው ሊበላው የነበረውን ማዳበሪያ ቀድሞ ይወስዳል። ነገር ግን የተቈረጠው ቅጠል ከገንዳው ካልወጣ እዚያው በስብሶ ማዳበሪያውን ይመልሰዋል። ቆሮሶ ተክል የሚበላና መሬቱንም የሚቈፍር ዓሣ ስለ ሆነ ለስላሳ ተክል ካለበት ገንዳ ጋራ አይስማማም።

6ኛ፤ ስለ ጠባቂው። ገንዳው ከመሠራቱ በፊት የጠባቂው ደመወዝ በበጀት ይያዝ። ጠባቂውም የውሃውን ሙቀት ጧት በ12 ሰዓትና ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ለክቶ በየቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። መጋረጃው ስንት ሰዓት እንደ ተከፈተ፥ ምን ያህል ምግብ እንደ ተሰጠ አብሮ ይመዝገብ። መዝገብ ያለው ሰው ጥፋት ሲመጣ ምክንያቱን ያገኛል፤ መዝገብ የሌለው ግን በዕድል ያመካኛል።

ከገንዳው ወደ ኩሬውና ወደ ሐይቁ

ይህን ሥርዓት የተማረ ሹም ትምህርቱ ለመስተዋት ገንዳ ብቻ እንዳልሆነ ያስተውላል። ለምግብ ዓሣ በሚረባበት ኩሬ አረንጓዴው ውሃ ጠላት ሳይሆን ሀብት ነው፤ ቆሮሶ ይመገበዋልና። ገበሬው በኩሬው ላይ ፍግ የሚጨምረው ስለዚህ ነው። እዚያም ቢሆን ልክ ያስፈልጋል፤ እጅን እስከ ክርን በውሃው ውስጥ ነክሮ ጣት የማይታይ ከሆነ አረንጓዴው በዝቷልና ፍጉ ይቁም።

በሐይቅም እንደዚሁ ነው። በ2011 በአውሮፓ አቈጣጠር በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ የሚለመልመው በፀሐይና ከማሳ ታጥቦ በሚወርድ ለም ነገር ነው። ፀሐይዋን የሚጋርድ መጋረጃ ለሐይቅ አይገኝም፤ ለሰው የተተወለት ሥራ አፈሩን በእርከን መያዝና የሐይቁን ዳር አለማረስ ነው። ጣና ደግሞ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል የባርበስ ዓሣ ዓይነቶች መኖሪያ ነው። ከእነዚህ አያሌዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች በሚወጡበት ጊዜ በመረብ እየተያዙ ቍጥራቸው ቀንሷል። ማንም እነዚህን ዓሦች በመስተዋት ውስጥ ለልጆች ለማሳየት ቢወድ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ፥ ማጣሪያው፥ መጋረጃውና ጠባቂው ሳይሟሉ ከሐይቃቸው አውጥቶ ማምጣት ማሳየት ሳይሆን ማጥፋት ነው።

ስለዚህ ገንዳ ለማሠራት የተነሣ ሰው መስኮቱ የት ይሁን ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ፥ በዚያ መስኮት የሚገባውን ብርሃን በየቀኑ የሚጠብቀው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘ ፀሐይን ሳይፈራ ያስገባ፤ መልስ ያላገኘ ግን መስኮቱን ዘግቶ ቢቈይ ይሻለዋል።