ለጠመንጃ የሚሆነውን ግሪስ ስለ መምረጥ

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ባሉት የመለዋወጫና የብረታ ብረት ሱቆች ዘወትር ከሚጠየቁት ዕቃዎች አንዱ ግሪስ ነው። ባለሱቁ ብዙውን ጊዜ ገዢውን ለምን ሥራ እንደሚፈልገው ሳይጠይቅ ከበርሜሉ ጨልፎ በፌስታል ጠቅልሎ ይሰጠዋል። አንዱ ገዢ ለወፍጮው ኩሽኔታ፣ ሌላው ለጋሪው እግር፣ ሦስተኛው ደግሞ በሕጋዊ ፈቃድ ለያዘው ጠመንጃ ይወስደዋል። የወፍጮ ኩሽኔታ ግሪሱ ሳይስማማው ቢቀር ይግላል፣ ይጮኻል፣ በመጨረሻም ይቆማል። ጠመንጃ ግን አስቀድሞ አይጮኽም፤ በተፈለገ ጊዜ ሳይተኩስ ይቀራል፣ ወይም አፈሙዙ አብጦ በባለቤቱ ላይ አደጋ ያደርሳል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ግሪስ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ለባለሱቁም ለአስመጪውም የሚገባ ነገር ነው።

አገሩ ለጦር መሣሪያ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት ጋፋት የሚገኘው ከደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደሚሆን የሚነገርለት ሴባስቶፖል በዚያ ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል፤ ዛሬም እዚያው ይገኛል። ከዚያም ወዲህ ስናድር፣ ወጅግራ፣ ምንሽር፣ በመጨረሻም ክላሽ በየተራ ወደ ባላገሩ እጅ ገብተዋል። ወጅግራ የሚለው ስም «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ነው። በፈረንሳይኛ «ግራ» ማለት ስብ ቢሆንም ቅሉ፣ እዚህ ላይ የመሣሪያው ነዳፊ የባዚል ግራ ስም ነው እንጂ ከቅባት ጋር ዝምድና የለውም።

የጠመንጃ ቅባት ነገር ግን በአንድ ወቅት መንግሥት አናውጧል። በ1849 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1857) በሕንድ አገር ለእንግሊዞች ያገለግሉ የነበሩት ወታደሮች ለአዲሱ የኤንፊልድ ጠመንጃ የሚሰጣቸው ጥይት በላምና በአሳማ ስብ የተቀባ ነው የሚል ወሬ ሰሙ። የጥይቱ ወረቀት በጥርስ ተነክሶ የሚቀደድ ስለ ነበር፣ ነገሩ ሂንዱውንም እስላሙንም በአንድነት አስቆጣ፤ ለታላቁ ዐመፅ ከተቈጠሩትም ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በደቡብ ጎንደር ገበያም ክርስቲያኑም እስላሙም የአሳማ ነገር በእጁ እንዲነካ አይሻም፤ እንግዲህ «ይህ ግሪስ ከምን ተሠራ?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ቢመጣ ባለሱቁ ሊደነቅ አይገባውም። መልሱን ማግኘት ያለበት አስመጪው ነው፤ እርሱም ከአምራቹ ጠይቆ ሊይዘው ይችላል።

ግሪስ ማለት በራሱ ልዩ ፍጥረት ሳይሆን፣ ሳሙና የያዘው ዘይት ነው። ጥጥ ዘይትን በውስጡ እንደሚይዝ ሁሉ ሳሙናው ዘይቱን ይይዛል፤ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። እንግዲህ አንዱን ግሪስ ከሌላው የሚለየው በይበልጥ የሳሙናው ዓይነት ነው። በካልሲየም ሳሙና የተሠራው የድሮ ግሪስ ውሃን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ሙቀት አይችልም፤ 100 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል። የሶዲየሙ ሙቀቱን ይሻለዋል፤ ሆኖም ውሃ ሲነካው እንደ ልብስ ሳሙና ይሟሟል። ስለዚህ በክረምት አገር ለሚያዝ ጠመንጃ ፈጽሞ አይስማማም። ሦስተኛው የሊቲየም ነው። ይህ በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1942 የፈጠራ መብት የተሰጠበት ሲሆን፣ ውሃንም ሙቀትንም አንድ ላይ ይችላል፤ የሚቀልጠውም ከ180 ዲግሪ በላይ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ይኸው ነው። ሳሙናውም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከጉሎ ዘይት ከሚገኝ አሲድ መሆኑን መስማት፣ ጉሎን በየአጥሩ ሥር ለሚያየው ሰው ደስ ሳያሰኝ አይቀርም። ከላይ ለተነሣው የደንበኛ ጥያቄም ጥሩ መልስ ነው።

ከሳሙናው ቀጥሎ የሚታየው ውፍረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው የአሜሪካ የግሪስ ተቋም ባወጣው ደንብ መሠረት ግሪስ ከሦስት ዜሮ እስከ 6 ቁጥር ይሰጠዋል። ሾጣጣ ብረት በ25 ዲግሪ ሙቀት በግሪሱ ላይ ተለቆ፣ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ምን ያህል እንደ ሰመጠ በሚሊሜትር ዐሥረኛ ይለካል። ከ265 እስከ 295 የሰመጠበት ቁጥር 2 ይባላል፤ ለመኪና ኩሽኔታ የሚሸጠው ይህ ነው። ቁጥር 1 ከዚህ ይለሰልሳል፤ ዜሮ ደግሞ ሊፈስ የቀረበ ነው። በጣሳው ላይ «ኤን.ኤል.ጂ.አይ.» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ያለው ቁጥር ይህንኑ ያመለክታል።

ቀለሙ ግን ምንም አያመለክትም። ቀዩ ይበልጣል፣ ሰማያዊው ይጠነክራል የሚለው የገበያ ወሬ መሠረት የለውም፤ ቀለሙ አምራቹ ዕቃውን ለመለየት የሚጨምረው ነው። ጥቁሩን ብቻ ለይቶ ማየት ያሻል፤ ምክንያቱም ሞሊብዲነም ወይም ግራፋይት የተጨመረበት ሊሆን ይችላል። ይህ ከባድ ጫና ላለበት ማሽን መልካም ነው፤ ለጠመንጃ ግን የግድ አያስፈልግም፤ እጅና ልብስም ያጠቁራል።

አሁን ወደ አየሩ ጠባይ እንመለስ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ፎገራ ግን ወደ 1,800 ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ በአንድ ዞን ውስጥ የጉና ውርጭና የፎገራ ሙቀት ይገኛሉ ማለት ነው። በወረታ ሱቅ ልስልስ ሆኖ የተሸጠው ቁጥር 2 ግሪስ፣ በጉና ግርጌ ሌሊት ሲያድር ይጠጥራል። የጠጠረ ግሪስ በመምቻው መርፌ ዙሪያ ካለ መርፌው ዘግይቶ ወይም ደክሞ ይመታል፤ ጥይቱም ይከሽፋል። ባለቤቱ ጥይቱን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የግሪሱ ነው። ስለዚህ ለደጋው ቁጥር 1፣ ለቆላማው ቁጥር 2 ቢመረጥ ይሻላል። በመርፌው ቤትና በምላጩ ውስጥ ግን በማናቸውም አገር ግሪስ አይገባም፤ እዚያ የሚያስፈልገው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ ነው።

ግሪስ የሚቀባው እየተንሸራተተ በሚፋተገው ክፍል፣ ይኸውም በማቀባበያው መሄጃና በመቈለፊያው ጥርስ ላይ ነው። መጠኑም እጅግ ጥቂት ነው፤ በጣት ሲዳሰስ የሚያዳልጥ፣ በዓይን ሲታይ ግን ክምር የማይታይበት መሆን አለበት። በበጋ አቧራ በወፍራም ግሪስ ላይ ሲያርፍ ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላዋል። የጥይት ካርታውም ውስጡ ደረቅ እንዲሆን ያስፈልጋል። አፈሙዙ ለማስቀመጫ ሲባል ከተቀባ፣ ከመተኰሱ በፊት በመወልወያው ዘንግና በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ድረስ መወልወል የግድ ነው። በአፈሙዝ ውስጥ የተከማቸ ግሪስ መንገዱን ስለሚዘጋ ግፊቱ ይበረታል፤ አፈሙዙም ሊያብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። በግሪስ ተለውሶ የኖረ ጠመንጃ ከግድግዳ ወርዶ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ሲተኰስ ይህ አደጋ አለ።

ጠመንጃ ከመወልወሉ በፊት ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። የድሮ ጥይቶች፣ በተለይም የምንሽር ዘመን ጥይቶች፣ በመለኰሻቸው ውስጥ ክሎሬት ስላላቸው ሲተኰሱ በአፈሙዙ ውስጥ የጨው ዓይነት ዝቃጭ ይተዋሉ። ጨውን ዘይት አያሟሟውም፤ በላዩ ግሪስ ቢቀባበት ጨው ከሥር ሆኖ ብረቱን ይበላል። የሚያወጣው የፈላ ውሃ ነው። ውሃ በደብረ ታቦር ከፍታ ከ100 ዲግሪ በታች ቢፈላም ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ከዚህ በኋላ ፈጥኖ ማድረቅ፣ ከዚያም ቀጭን ዘይት መቀባት ይገባል። የጠነከረ የድሮ ግሪስ ሲያጋጥም ላምባ ያሟሟዋል፤ ይህም ከእሳት ርቆ በደጅ መሠራት አለበት። አዲስ ዓይነት ግሪስ ሲገዛም አሮጌው ሁሉ መነሣት አለበት፤ ሳሙናቸው የተለያየ ግሪሶች ሲቀላቀሉ ቀጥነው ይፈሳሉና።

ከሱቅ ግሪስ ይልቅ ከማጀት የሚገኘውን ቅባት የሚመርጥ ሰው አለ። ቅቤ ከመቶ 15 እጅ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ውሃ በውስጡ አለው፤ ሲቈይም ይኰመጥጣል፤ ሁለቱም ዝገት ያመጣሉ። የኑግ ዘይት ለወጥ ያማረ ቢሆንም፣ ከግማሽ በላይ የሆነው ክፍሉ አየር ሲያገኘው የሚደርቅ ዓይነት ነውና ከጊዜ በኋላ ሙጫ ይሆናል። የተልባ ዘይት ከዚህም ፈጥኖ ይደርቃል። ነገር ግን ይህ ጠባዩ ለሰደፉ እንጨት በጎ ነው፤ እንጨቱ ጠጥቶት ሲደርቅ ዝናብ አያስገባም። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል፣ ተዘርግቶ መድረቅ እንዳለበት ለገዢው መንገር ያስፈልጋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነጻ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ሆኖም አሲድና የብረት ብናኝ አለበት፤ ለቆዳም ጎጂ ነው። የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል፤ የእንጨቱንም ቀለም ይልጣል።

ቫዝሊን ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት የወጣበት ይህ ቅባት የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ሲሆን፣ ውሃ የለበትም፤ አይኰመጥጥም። ሙቀት ስለማይችል ለሚፋተገው ክፍል ባይበቃም፣ ለክረምት ማስቀመጫ በሚገባ ያገለግላል። ነገር ግን ንጹሑ ቫዝሊን መሆን አለበት፤ ለፊት የሚሸጠው ክሬም ውሃና ግሊሰሪን ስላለበት ብረት ያዝጋል። ከዚህም ጋር፣ ጠመንጃን በክረምት በቆዳ ወይም በጨርቅ ማኅደር ውስጥ ዘግቶ ማቈየት እርጥበቱን እንደ ማሸግ ስለሚቈጠር፣ ቅባቱ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን ድካሙን ያስቀራል። ምድጃው አጠገብ መስቀልም እንዲሁ ነው፤ ጥቀርሻው እርጥበት ይይዛል።

ባለሱቁ ያለ ቤተ ሙከራ የሚያደርገው ፈተና አለ። ጥቂት ግሪስ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጎ መናጥ ነው፤ ውሃው እንደ ወተት ከነጣ ግሪሱ ውሃ የማይችል ነው። ሌላው ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ከዚህ ይበልጣል። ሦስት አዳዲስ ሚስማሮች በላምባ ታጥበው ከደረቁ በኋላ አንዱ በሚሸጠው ግሪስ፣ ሁለተኛው በተወዳዳሪው ይቀባል፤ ሦስተኛው ባዶውን ይቀራል። ሦስቱም በሐምሌ ዝናብ በጣራ ጠርዝ ሥር ለአንድ ሳምንት ይሰቀላሉ። በስምንተኛው ቀን ተወልውለው በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ቢደረደሩ፣ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ ደንበኛን ያሳምናሉ። በጣሳው ላይ ጥቂት ዘይት ተንሳፎ መገኘቱ ግን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ አማስሎ መመለስ ይበቃል።

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ተወዷል፤ ዋጋ ሲወደድም የታወቀ ስም በተለጠፈበት አሮጌ ጣሳ ሌላ ነገር ሞልቶ የሚሸጥ አይጠፋም። ማኅተሙ የተነካ፣ የምርት ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የሳሙናው ዓይነት ያልተጻፈበት ዕቃ በርካሽ ቢቀርብም መቀበል አይገባም። በሌላ በኩል፣ ግሪስ ተራ የንግድ ዕቃ ሲሆን፣ የጦር መሣሪያው ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚዳኝ መሆኑ አይዘነጋም። ባለሱቁ ግሪሱን ይሸጣል፣ አጠቃቀሙን ይናገራል፤ ጠመንጃ ተቀብሎ መፍታትና መጠገን ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው።

አስመጪዎች ግሪስን የሚያዝዙት አብዛኛውን ጊዜ በ180 ኪሎ በርሜል፣ በባልዲ ወይም በ400 ግራም ቱቦ ነው። ለወፍጮና ለመኪና ይህ ይስማማል። ለጠመንጃ ግን የ400 ግራሙ ቱቦ እንኳን ለአንድ ባለቤት ብዙ ዓመት የሚበቃ ስለሆነ፣ ገዢው ከክፍት በርሜል አቧራ የገባበትን በፌስታል ለመውሰድ ይገደዳል። አምራቾች በ50 ወይም በ100 ግራም ጣሳ አሽገው፣ በአማርኛ «ሊቲየም፣ ቁጥር 1» ብለው ጽፈው እንዲልኩ ቢጠየቁ፣ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በእስቴ ገበያ ገዢ የማያጣ ዕቃ ይሆናል።