ለእርባታ የሚመረጥ ውሻ በምን ይፈተናል?

በክፍል ውስጥ ስለ ውርስ ስናስተምር ምሳሌያችን አብዛኛውን ጊዜ የሜንዴል አተር ነው፤ ረጅሙ ከአጭሩ፣ ለስላሳው ከጨምዳዳው። ተማሪዎች ይህን ብቻ ሲያዩ የሚወረሰው በዓይን የሚታየው ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረታችን የሚናገረው ስለ መልክ ሳይሆን ስለ ጠባይ ነው። ለመሆኑ ጠባይና የሥራ ችሎታ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋሉን? ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ በተግባር ሲመልሱ ከኖሩት መካከል የጀርመን እረኛ ውሻ አርቢዎች ይገኙበታልና አሠራራቸውን እንመልከት።

ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ከአንድ የውሾች ትርኢት ላይ ተኩላ የሚመስል እረኛ ውሻ አይቶ ገዛና ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ1899 ዓ.ም. የእረኛ ውሻ አርቢዎች ማኅበር ሲቋቋም ሆራንድ በመዝገቡ ላይ ቁጥር 1 ሆኖ ሰፈረ። በዚያን ዘመን በጀርመን አገር ፋብሪካ እየበዛ የግጦሹ መሬት እየጠበበ ሄዶ ነበር። በግ የሚጠብቅ ውሻ በጉ ሲቀርበት ችሎታው በምን ይታወቃል? ስቴፋኒትስ ውሾቹ ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት እንዲያገለግሉ ጣረ፤ ከዚህም ሹትስሁንድ፣ ማለትም ጠባቂ ውሻ፣ የተባለው ፈተና አደገ። ስሙ ከጊዜ በኋላ ተለዋውጦ ከ2019 ጀምሮ አይ.ጂ.ፒ. ይባላል።

ፈተናው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ100 ነጥብ ይታረማል፤ በአንዱ እንኳ ከ70 በታች ያገኘ ውሻ ይወድቃል። (ከእኛ ፈተና ይልቅ ጨካኝ ነው፤ በአንዱ ያተረፉትን ለሌላው ማካካሻ ማድረግ አይቻልም።) የመጀመሪያው ዱካ መከተል ነው። በዝቅተኛው ደረጃ የውሻው ጌታ ራሱ 300 ያህል እርምጃ ሄዶ ዱካውን ይተዋል፤ ውሻው ከ20 ደቂቃ በኋላ ይለቀቃል። በከፍተኛው ደረጃ ግን ዱካው የማያውቀው ሰው ነው፤ 600 እርምጃ ይረዝማል፤ አንድ ሰዓትም ይቆያል። ሁለተኛው ታዛዥነት ነው። በዚህ መካከል ሽጉጥ ይተኮሳል፤ ውሻው መደንገጥም መቆጣትም የለበትም። ሦስተኛው ጥበቃ ነው። ውሻው የተደበቀውን ሰው ፈልጎ ሳይነክስ ይጮኽበታል፤ ሰውየው ሲሸሽ ወፍራም መከላከያ የለበሰ ክንዱን ይይዛል፤ ጌታው አንድ ጊዜ ሲያዘው ደግሞ ይለቃል። በእኛ አስተያየት የፈተናው ዋና ቁም ነገር ይህ መልቀቅ ነው። መንከስማ ማንኛውም የተቆጣ ውሻ ይነክሳል።

ማኅበሩ በዚህ ብቻ አላበቃም። ለዘር የሚታጨው ውሻ ከብስክሌት ጎን በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 20 ኪሎ ሜትር እንዲጨርስ፣ ዕድሜውም አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ የዳሌ መገጣጠሚያው በራጅ እንዲታይ ጠይቋል። የዳሌ መገጣጠሚያ መዛባት እንደ አተሩ በአንድ ጂን የሚወሰን አይደለም። ብዙ ጂኖች ይሳተፉበታል፤ ምግብና የሰውነት ክብደትም ያባብሱታል። ስለሆነም ጤነኛ የሚመስል ወላጅ የታመመ ቡችላ ሊወልድ ይችላል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መምህራን ለተማሪዎቻችሁ የሚከተለውን ስሌት ብትሰጡ መልሱ ይገለጥላቸዋል። አንድ ወንዴ ውሻ ከ30 ሴቴ ውሾች ጋር ቢዳራና እያንዳንዷ 6 ቡችላ ብትወልድ 180 ልጆች ይኖሩታል። ፈሪ ወይም ያለ ምክንያት ተናካሽ ከሆነ ጉዳቱ በየቤቱ ይዳረሳል፤ የሚነከሰውም ብዙውን ጊዜ የቤቱ ሕፃን ነው።

እርግጥ ፈተናው ዘርን ብቻ አይለካም። ጥሩ አሠልጣኝ የደካማ ውሻን ጉድለት ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ዳኛ ሥልጠና በቀላሉ ሊለውጠው የማይችለውን ይመለከታል፤ ይኸውም ውሻው ከድንጋጤ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመለስና ሳይገደድ ለመሥራት ያለውን ፍላጎት ነው። ከዚህም የተሻለው ማስረጃ የልጆቹ ውጤት ነው። በ1920ዎቹ በስዊዘርላንድ ዶሮቲ ዩስቲስ ያቋቋመችው የእርባታ ጣቢያ እረኛ ውሾችን በሥራ ውጤታቸው እየመረጠ ያራባ ነበር፤ ከዚያ የተገኘው ልምድ በ1929 በአሜሪካ የዓይነ ስውራን መሪ ውሾች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ረድቷል።

በእንግሊዝና በአሜሪካ ትልልቅ የውሻ ማኅበራት ግን በመሠረቱ የሚጠየቀው የወላጆቹ መመዝገብ እንጂ ሥራ አይደለም። በ2016 ክራፍትስ በተባለው የእንግሊዝ ትርኢት ከዝርያው አንደኛ የወጣች የጀርመን እረኛ ውሻ ጀርባዋ ወደ ኋላ ተዳፍቶ በደንብ መራመድ ሲያቅታት ሕዝብ አይቶ ብዙ ትችት ተነሣ። ይሁን እንጂ ጀርመንም ፈተና እያላት የትርኢት ዘርና የሥራ ዘር ተለያይተውባታል፤ ለማለፍ ያህል ብቻ የሚያልፍ ውሻ መልኩ ካማረ ብዙ ይወልዳልና።

የድንበር ኮሊ የተባለው የበግ ውሻ አርቢዎች የወሰዱት መንገድ ከዚህ ሁሉ ይለያል። በዌልስ፣ ባላ በተባለች ከተማ በ1873 የበግ ጥበቃ ውድድር ተደረገ፤ በ1906 ዓለም አቀፍ ማኅበራቸው ተመሠረተ። ይህ ማኅበር የመልክ መመዘኛ የለውም፤ ጆሮው ቢቆም ቢወድቅ፣ ጠጉሩ ቢረዝም ቢያጥር ግድ የለውም። ወላጆቹ በመዝገብ የሌሉ ውሻ እንኳ ሥራው በዳኞች ፊት ከተመሰከረለትና ጤንነቱ ከተረጋገጠ በመዝገቡ ሊሰፍር ይችላል።