የእናት ጆሮና የስልኳ ወፍ

ስለ ስልክና ስለ ጨዋታ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚወቀሱት ልጆች ናቸው። «ልጄ ከስልክ ላይ አልነሣ አለኝ፤ ምን ይሻለኛል?» የሚለው የእናቶች ስሞታ በየቡናው ላይ ይሰማል። የዛሬው ጽሑፍ ግን ስለ ልጆች አይደለም። ስለ አንዲት እናት ነው፤ ያቺም እናት እኔው ራሴ ነኝ። ሌላውን ለመምከር ብዕር የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ የራሱን ጓዳ ቢፈትሽ ይሻላል በማለት፣ የደረሰብኝን ሳልሸሽግ አቀርባለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ከሥራ ወጥተን ተራ ስንጠብቅ፣ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ የስልኳን መስታወት በጣቷ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች፤ ወዲያው ደግሞ «ኤጭ!» ትላለች። ምን እንደሆነ ብጠይቃት ሳቀችና ስልኩን ሰጠችኝ። «እስቲ አንቺ አሳልፊያት» አለችኝ።

ጨዋታው ለመግለጽ እንኳ የሚያስቸግር አይደለም። አንዲት ትንሽ ወፍ ትበራለች። መስታወቱን አንድ ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉት ክንፏን መትታ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ዝም ሲሏት ወደ መሬት ትወርዳለች። ከፊቷ ከላይና ከታች የተተከሉ አረንጓዴ ቧንቧዎች ይመጣሉ። የተጫዋቹ ሥራ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ባለው ክፍተት ወፊቱን ማሳለፍ ነው። ለአንድ ክፍተት 1 ነጥብ ይሰጣል። ወፊቱ ቧንቧውን ወይም መሬቱን ከነካች አለቀ፤ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ጨዋታው ፍጻሜ የለውም፤ አሸንፎ መነሣት የሚባል ነገርም የለም።

እኔ የመጀመሪያውን ክፍተት እንኳ ሳላልፍ ወደቅሁ። ደገምሁ፤ ወደቅሁ። አሥር ጊዜ ያህል ከሞከርሁ በኋላ ሁለት ክፍተት አለፍሁና እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች «ኧረ እናንተ፣ ተራችሁ ደርሷል!» ብለው ባይቀሰቅሱን ኖሮ ታክሲው ትቶን በሄደ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ጨዋታውን በስልኬ ላይ ጫንሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያሳፍራል። ወጥ ጥጄ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ «አንድ ጊዜ ብቻ» እልና ሽንኩርቱ ያርራል። ቡናው ይገነፍላል። የታጠበው ልብስ ሳይሰጣ ያድራል። መብራት ሲጠፋ እንኳ የምጨነቀው ለምጣዱ መሆኑ ቀርቶ ለስልኬ ባትሪ ሆነ። ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን አረንጓዴዎቹ ቧንቧዎች ይመጡብኛል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ሱስ ያዘኝ ብዬ አላሰብሁም። መጠጥ አልጠጣሁ፣ ቁማር አልተጫወትሁ፣ ገንዘብ አላጠፋሁ። ከቤቴም አልወጣሁም፤ ከልጆቼ ጎን ተቀምጫለሁ። ምን አጠፋሁ?

ያጠፋሁትን ያወቅሁት በአንድ ሌሊት ነው። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የስድስት ዓመት ልጄ እያለቀሰች ቀሰቀሰችኝ። ስዳብሳት ሰውነቷ እንደ ፍም ይፋጃል፤ ቀኝ ጆሮዋን በእጇ ይዛለች። ደነገጥሁ፤ እንደ ደነገጠ ሰውም ተቆጣሁ። «ጆሮሽን ሲያምሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እማዬ» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ ነገርኩሽ። እሺ አልሽኝ።»

በልቤ ወደ ኋላ ሄጄ ምሽቱን ፈለግሁት። እውነቷን ነው። በእራት ሰዓት አጠገቤ ቆማ አንድ ነገር ብላኛለች። እኔ በዚያች ሰዓት ወፊቱን አሥራ አራተኛውን ክፍተት አሳልፌ ነበር፤ ከዚያ በፊት እዚያ ደርሼ አላውቅም። «እሺ እናቴ» ብያታለሁ። ምን እንዳለችኝ ግን አላውቅም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ልብ ካልሰማም ጆሮ አይሰማም።

ሲነጋ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ጆሮዋ ቆስሎ ነበርና መድኃኒት ታዘዘላት፤ በሳምንቱ ዳነች። የባሰ ነገር አልደረሰም። ነገር ግን «እሺ አልሽኝ» የሚለው ቃል ከእኔ ጋር ቀረ። ጨዋታው ጊዜዬን ብቻ የወሰደ መስሎኝ ነበር። የወሰደብኝ ጆሮዬን ነው።

ከዚህ በኋላ ይህች ወፍ ከወዴት እንደ መጣች ለማወቅ ፈለግሁ። በስልኬ ላይ ያለው ጨዋታ ከብዙዎቹ ቅጂዎች አንዱ ነው። ዋናው «ፍላፒ በርድ» ይባላል፤ የሠራውም ዶንግ ንጉየን የሚባል በቬትናም ዋና ከተማ በሃኖይ የሚኖር ወጣት ነው። ከሥራው በተረፈው ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሠርቶ በግንቦት ወር 2005 ዓ.ም. በነፃ አወጣው። ለወራት ያህል ልብ ያለው ሰው አልነበረም። በጥር ወር 2006 ዓ.ም. ግን ድንገት ዓለምን አዳረሰ፤ በብዙ አገሮችም በነፃ ከሚጫኑ የስልክ ጨዋታዎች ሁሉ አንደኛ ሆነ። በጨዋታው ላይ ከሚወጣው ማስታወቂያ በቀን እስከ 50,000 የአሜሪካ ዶላር እንደሚያስገባለት በጊዜው ተነገረ።

የሚያስገርመው የኋላው ነው። በየካቲት 1 ቀን 2006 ዓ.ም. ወጣቱ ጨዋታውን ከ22 ሰዓት በኋላ እንደሚያነሣ አስታወቀ፤ እንዳለውም አነሣው። ያ ሁሉ ገንዘብ ሲገባለት ምን ነካው? ብለው ብዙዎች ተገረሙ። እርሱ እንደ ገለጸው ጨዋታውን ያዘጋጀው ሰዎች ሲያርፉ ጥቂት ደቂቃ እንዲጫወቱበት ነበር፤ ነገር ግን ሱስ የሚያስይዝ ነገር ሆኖ ተገኘ። የዝናውም ብዛት እንቅልፍ ነሥቶታል። ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት እንደ ተናገረው ደግሞ ከልዩ ልዩ ሰዎች መልእክት ይደርሰው ነበር፤ በጨዋታው ምክንያት ሥራቸውን ያጡ ሠራተኞች ነበሩበት፤ ከልጆቿ ጋር መነጋገር ያቆመች እናትም ነበረችበት። በመጀመሪያ የሚቀልዱበት መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን እውነት መሆኑን ተረዳ።

ይህን ሳነብ ፊቴ ጋለ። ያቺን እናት አላውቃትም፤ አገሯንም አላውቅም። ነገር ግን እኅቴ ናት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ተራ ጨዋታ ሰውን እንዴት አድርጎ ይይዛል? ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ስኪነር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በእርግቦች ላይ ምርምር አድርገው ነበር። እርግቧ አንዲት ቁልፍ በመንቁሯ ስትነካ ጥሬ ይወርድላታል። ጥሬው በነካች ቁጥር የሚወርድላት እርግብ ጥሬው ሲቋረጥባት ብዙ ሳትቆይ መንካቱን ትተዋለች። አንዳንድ ጊዜ የሚወርድላት፣ አንዳንድ ጊዜም የሚቀርባት እርግብ ግን ጥሬው ከተቋረጠ በኋላም ረጅም ጊዜ ደጋግማ ትነካለች፤ የሚቀጥለው ይሆናል እያለች ነው። እኛም ከዚህች እርግብ የራቅን አይደለንም። የቧንቧዎቹ ክፍተት አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ዛሬ ሦስት፣ ነገ አሥራ ሁለት እናልፋለን፤ የሚቀጥለው ምን እንደሚሆን አናውቅም።

በዚህ ላይ ሌሎች ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው፣ ስንወድቅ የምንወቅሰው ሌላ ሰው የለም፤ «ጣቴን ትንሽ ባዘገየው ኖሮ» እንላለን። ጥፋቱ የራሳችን ከሆነ ማረሙም በእጃችን ያለ ይመስለናል። ሁለተኛው፣ ከመውደቅ እስከ መነሣት አንድ ሰኮንድ እንኳ አይፈጅም፤ «በቃኝ» የሚል ሐሳብ ለመምጣት ጊዜ አያገኝም። ሦስተኛው፣ ፍጻሜ የለውም። ልብ ወለድ መጽሐፍ ያልቃል፣ ቡናም በሦስተኛው ይበቃል፤ ይህ ግን «እዚህ ላይ ተነሺ» የሚል ምልክት የለውም።

እዚህ ላይ ነገሩን ማጋነን አይገባም። የሚጫወት ሁሉ በሽተኛ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን በበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባ ሲሆን፣ አባል አገሮች በግንቦት 2011 ዓ.ም. ያጸደቁት ይኸው መዝገብ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ጨዋታውን ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እንዳደረሰ እያዩም መቀጠል። ይህም የቤተሰብ ኑሮን ወይም ሥራን እስኪያውክ ድረስ የከፋ፣ ብዙውን ጊዜም 12 ወር ያህል የቆየ ሊሆን ይገባል። እኔ እዚያ አልደረስሁም። ሆኖም መንገዱ ከየት እንደሚጀምር አይቻለሁ።

ሌላም መነገር ያለበት እውነት አለ። ሠራተኛ እናት ወደዚህ የምትገባው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ቁርስ አብስላ፣ ልጅ አዘጋጅታ፣ ታክሲ ተጋፍታ፣ ቀኑን ስትሠራ ውላ ወደ ሁለተኛው ሥራዋ ወደ ቤቷ ትገባለች። ማንም ምንም የማይጠይቃት ደቂቃ የላትም። ያቺ ወፍ ግን ጨው አልቋል አትላትም፤ ዩኒፎርሜ የት አለ ብላም አትጠይቃትም። ስለዚህ ባልና ትልልቅ ልጆች «ስልክሽን ተዪ» ከማለታቸው በፊት የቤቱን ሥራ ተካፍለው ለእናት የዕረፍት ሰዓት ቢሰጡ፣ ግማሹ መድኃኒት እርሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ሥራ በማይገባበት ምሽት እራቱን እርሱ ያቀርባል።

ቀሪውን ግማሽ እኔው ራሴ ማግኘት ነበረብኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለውን ውል ሞክሬ አልሆነም፤ አንዱ ጊዜ ጥቂት ሰኮንድ ስለሚሆን ሌላ አንድ ይወልዳል። የረዳኝ ሌላ ነው። ስልኬን ወደ ቤት እንደ ገባሁ ቁምሳጥኑ ላይ አኖረዋለሁ፤ ልጆቹ እስኪተኙም አይወርድም። የሚደወልልኝ ቢኖር ድምፁን እሰማለሁ። ጨዋታውን አላጠፋሁትም፤ መጫወት ስፈልግ ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ የሰዓት ደወል ለአሥር ደቂቃ ሞልቼ እጫወታለሁ። ጨዋታው ራሱ ፍጻሜ ከሌለው ፍጻሜውን ከውጭ ማበጀት ግድ ነው። ምጣድ ጥዶ፣ ልጅ እያጠቡ፣ መንገድ እየተሻገሩ ፈጽሞ አይሆንም።

ለሕፃናቱም ቢሆን ሥርዓቱ ከእናት ሲጀምር ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት ባይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመክራል። ይህን ለልጅ የምናወጣውን ደንብ እኛው ስንጥሰው ካየ ግን ምክራችን ከንቱ ነው። «ተው» ከማለት ስልኩን ቁምሳጥን ላይ ሲያስቀምጡ መታየት ይበልጣል።

ትንሿ ልጄ ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንድ ልማድ አውጥታለች። የምትነግረኝን ነግራኝ ስታበቃ ዓይን ዓይኔን እያየች «ምን አልኩሽ?» ትለኛለች። በመጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ያለችውን ቃል በቃል እደግምላታለሁ። እርሷም ትክክል መሆኔን ካረጋገጠች በኋላ ወደ ጨዋታዋ ትሄዳለች።