እድር የሌለው ጓደኝነት

ጥር ሲገባ በአዲስ አበባና በጅማ መካከል ያለው መንገድ የሰርግ መንገድ ይሆናል። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ፣ የጊቤን በረሃ ወርዶ ሲወጣ ሰኮሩ የሚደርሰው ይህ መንገድ በዚያ ሰሞን አበባ የታሰረባቸው መኪኖችና ጓደኛሞች ተዋጥተው የተከራዩዋቸው አባዱላዎች አይጠፉበትም። ወሩ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰኮሩ በስተ ምዕራብ በማና፣ በጎማና በሊሙ ቡናው ተለቅሞ የሚሸጥበት፣ በሰኮሩ ዙሪያ ደግሞ በቆሎውና ጤፉ ጎተራ የገባበት፣ የገጠሩም መንገድ የደረቀበት ጊዜ ነው። ኦርቶዶክሱ የነቢያትን ጾም ፈትቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለችው ክፍተት ይድራል፤ ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ በቅርብ ዓመታት የካቲት አካባቢ ስለደረሰ ሙስሊሙም ኒካሁን ቀደም ብሎ ይጨርሳል። እንዲህ ጥሪው ሲደራረብ ጥያቄው ይመጣል፦ የድሮ የክፍል ጓደኛ ስላገባ ብቻ ከሥራ አስፈቅዶ፣ የመኪና ከፍሎ፣ ሰኮሩ ድረስ መሄድ ያዋጣል ወይ? ያዋጣል። ምክንያቱም በእኛ አገር ለጓደኝነት የቀረለት መገናኛ ሰርግ ነው።

ለሌላው ትስስር ሁሉ ማኅበር ተበጅቶለታል። ጎረቤት እድር አለው፤ እድርተኛ ከለቅሶ ቢቀር ይቀጣል። ገንዘብ የሚያጠራቅም እቁብ ይገባል፤ ቅዱስ የሚዘክር ጽዋ ይጠጣል፤ አዝመራ የደረሰበት ደቦ ይጠራል። የሥጋ ዘመድ በዓመት በዓሉም በተዝካሩም ይሰበሰባል። አብሮ አደግና የትምህርት ቤት ጓደኛ ግን ከእነዚህ በአንዱም አይታቀፍም። አንድ ክፍል የተማሩ የሰኮሩ ልጆች 12ኛ ክፍልን ሲጨርሱ ትምህርት ሚኒስቴር አንዱን ጎንደር፣ ሌላዋን ሐዋሳ ይመድባቸዋል። ነጥብ ያልመጣለት አጋሮ ሄዶ ቡና ይነግዳል፣ ወይም አዲስ አበባ ገብቶ ሥራ ይፈልጋል፤ ከሴቶቹ ዐረብ አገር የምትሄድ አትጠፋም። ማንም ከማንም አልተጣላም። መገናኛ ምክንያት ስለጠፋ ብቻ ዓመታት ይነጉዳሉ፤ በድንገት መንገድ ላይ ሲተያዩም «ጠፋህ!» «አንተም ጠፋህ!» ተባብለው ይለያያሉ።

«ስልኩ በእጃችን አይደል እንዴ?» የሚል ይኖራል። ነው፤ ችግሩ አለመደወላችን ነው። ላራ አክኒንና ጂሊያን ሳንድስትሮም የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ ሊያገኙት የሚወዱትን የራቀ ጓደኛ እንዲያስቡ ተደረገ፤ አድራሻው በእጃቸው ነበር፤ መልእክት የሚጽፉበት ጊዜም ተሰጣቸው። መልእክቱን የላኩት ሲሶ ያህሉ ብቻ ናቸው። የድሮ ጓደኛን ማነጋገር እንግዳ ሰው የማነጋገር ያህል ከብዷቸው ነበር። የሰርግ ጥሪ ይህን እፍረት ያነሣል። ጠሪው ሰበብ መፈለግ አይኖርበትም፤ የተጠራውም «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ አይጠረጥርም።

መገናኘቱ ደግሞ ከናፍቆት ያለፈ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዳንኤል ሌቪንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ የድርጅት ኃላፊዎች ለዓመታት ያላነጋገሯቸውን ሰዎች ስለ ሥራቸው ምክር እንዲጠይቁ ተደርጎ ነበር። የተገኘው ምክር ዘወትር ከሚያገኟቸው ሰዎች ምክር የማያንስ፣ በአዲስነቱም የሚበልጥ ሆነ። ተለያይተው የከረሙ ሰዎች የተለያየ ነገር አይተዋል፤ የልጅነት መተማመናቸው ግን አልጠፋም። ይህንን ወደ ሰኮሩ ብናመጣው፣ ነገ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ የተነሣች ልጅ ከደላላ የማትሰማውን እውነት ከዚያ ከተመለሰች የክፍል ጓደኛዋ ትሰማለች። ቡና ሊነግድ ያሰበም የአጋሮን ገበያ ከሚያውቅ፣ ሊዋሸውም ከማይፈልግ ሰው ይጠይቃል።

ባህሉም ለጓደኛ መምጣት የሰጠው ቦታ ትንሽ አይደለም። ሚዜ በዘመድነት የማይወረስ፣ በባልንጀርነት የሚሰጥ ማዕረግ ነው፤ ኃላፊነቱም ሰርጉ ሲያልቅ አያልቅም፤ ባልና ሚስት ሲጋጩ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሳይቀር በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ለእያንዳንዱ ተጋቢ ሁለት ሁለት ምስክር ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ግን የጅማ ሰርግን ጓዳ ማየት ነው። ደጋሹ ሙስሊም ሲሆን ለክርስቲያን እድምተኞቹ በክርስቲያን እጅ የሚታረድ በግ ይገዛል፤ ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ አስተናጋጁም ለብቻ ይሆናል። ክርስቲያን ሲድርም ለሙስሊም ጓደኞቹ እንዲሁ ያደርጋል። ጥቂት ጓደኞች ሳይሳቀቁ እንዲበሉ ሲባል ሁለተኛ ጓዳ የሚያደራጅ ቤተሰብ የእነሱን መምጣት እንደ ተርታ ነገር እንደማይቆጥረው ግልጽ ነው።

ተቃውሞው ከወጪ ይጀምራል፤ እውነትም አለበት። ለድግስ በሬውን የሚሸጥ፣ ገና ያልተለቀመ ቡናውን ተስፋ አድርጎ የሚበደር ገበሬ አለ። እድምተኛውም የልብስና የስጦታ ወጪ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚለው መፍትሔ ጥሪውን መቀነስ፣ ስጦታውንም በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር መላክ ነው። ይህ ግን ከሰርጉ ዋናውን ነገር ቆርጦ ጌጡን ማስቀረት ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር፤ ጋብቻ ያለ ሕዝብ እንደሚጸና ያኔ ታይቷል። ሙሽሮች ብዙ ሰው ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ ሰርጉ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ቀጠሮ የሌላቸው ጓደኞቻቸው ናቸው። ይቀነስ ከተባለ የሊሞዚን ኪራዩ፣ የቪዲዮው ቅንብርና ባለብዙ ፎቁ ኬክ ይቀነስ።

«በሰርግ ጫጫታ ውስጥ ምን ወሬ ይወራል?» የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ምሳ ሲቀርብ ደርሶ፣ በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ለሚመለስ ሰው ምንም አይወራም። ጨዋታው ያለው በዋዜማው ነው፤ ድንኳን ሲተከል፣ ሽንኩርት ሲላጥ፣ በግ ሲገፈፍ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይጠያየቁትን ነገር ሰዎች ሽንኩርት እየላጡ ይጠያየቃሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የማይነገረው ነው፤ እሱም የመመዛዘን ፍርሃት። አንዱ መኪና ነድቶ ሲመጣ ሌላው ሥራ ካጣ ዓመት ሞልቶታል፤ ለዚህ ሰው ጥሪው መሳቀቂያ ይሆንበታል፤ ብዙውን ጊዜም የሚቀረው እሱ ነው። «ምን አገባው፣ ይምጣ» ማለት መልስ አይሆንም። መልሱ በደጋሹ እጅ ነው። የስጦታ ሰጪን ስምና የብር መጠን በማይክ መጥራት ቀርቶ ፖስታ በዝምታ ቢሰበሰብ፣ ከጓደኞች የሚፈለገው ብር ሳይሆን የዋዜማው ጉልበት መሆኑ በጥሪው ላይ ቢነገር፣ ባዶ እጁን የሚመጣው ሰው የሚሠራውና የሚከበርበት ነገር ያገኛል። የተጠራውም በበኩሉ አንድ ቀን ቀድሞ ይድረስ፤ በማግስቱም ቡና ሳይጠጣ አይነሣ። ከለቅሶ መቅረት ነውር እንደሆነ ሁሉ ከአብሮ አደግ ሰርግ ያለ ምክንያት መቅረትም ነውር መሆን ይገባዋል፤ ለለቅሶው የእድር ዳኛ አለ፣ ለዚህኛው ግን ከራሳችን በቀር የሚቀጣን የለም።