«ዘለላ» እና «ዝውውር»፦ ስለ ሁለት የአስኳል ፊዚክስ ስያሜዎች

ሁለት የአቶም አስኳሎች ሲጋጩ አንደኛው ለሌላው የፕሮቶንና የኒውትሮን ጓድ አሳልፎ የሚሰጥበት አጸግብሮት አለ። ይህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ለሚተላለፈው ጓድም ለመተላለፉም ስም መምረጥ ይኖርበታል። ስያሜው የአጸግብሮቱን ጠባይ ካልገለጸ አንባቢውን ያሳስታልና፣ አስቀድመን ነገሩን እናስረዳለን።

ሊቲየም 6 ሦስት ፕሮቶንና ሦስት ኒውትሮን አሉት። ስድስቱ ቅንጣቶች ግን በአመዛኙ በሁለት ወገን ተቧድነው ይገኛሉ፤ አራቱ እንደ ሂሊየም 4 አስኳል፣ ማለትም እንደ አልፋ፣ ሁለቱ ደግሞ እንደ ዲውትሮን ናቸው። ሁለቱን ወገኖች ለመለያየት 1.47 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል፤ ከአልፋው አንድ ፕሮቶን ለመንቀል ግን 19.8 ሚሊዮን ያስፈልጋል። ስለዚህ ሊቲየም 6 ካርቦን 12ን ሲገጭ አልፋው ሳይበተን ወደ ካርቦኑ ሊያልፍ ይችላል፤ ኦክስጅን 16 ይፈጠራል፣ ዲውትሮኑም ተለይቶ ይወጣል።

የሰጪው መዋቅር ብቻውን አይወስንም፤ የሚፈጠረው አስኳል መዋቅርም ይወስናል። በኦክስጅን 16 ውስጥ በ6.92 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያለው የጉልበት ደረጃ አልፋና ካርቦን 12 ተቀናጅተው የቆሙበት ስለ ሆነ፣ ይህ አጸግብሮት አጉልቶ ያሳየዋል። በ8.87 ላይ ያለው ደረጃ ግን ስፒኑ 2፣ ፓሪቲውም አሉታዊ ነው። አልፋውም ካርቦኑም ስፒናቸው ዜሮ በመሆኑ፣ አልፋው በአንድ እርምጃ በቀጥታ ቢተላለፍ ወደዚህ ደረጃ ሊደርስ አይችልም። ጃፓናዊው ኢኬዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳመለከቱት፣ እንዲህ ያለው ቅንጅት የሚገለጠው አስኳሉ ወደ ክፍሎቹ ሊለያይ በሚችልበት ጉልበት አጠገብ ነው፤ ለኦክስጅን 16 ይህ ወሰን 7.16 ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «ክምችት» ብንል የተከመረ እንጂ የተያያዘ ነገር አይታየንም፤ «ስብስብ» ደግሞ በሒሳብ ትምህርት ተይዟል። እኛ የምንመርጠው «ዘለላ»ን ነው። የወይን ዘለላ ብዙ ፍሬ ሆኖ ሳለ በአንድነት ይቀጠፋል፤ የእንባ ዘለላ ግን አንዲት ጠብታ ናት። ቃሉ ብዙውንም አንዱንም መያዙ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ አራቱ ቅንጣቶች ብዙ ሲሆኑ እንደ አንድ ያልፋሉና።

ለመተላለፉ «ሽግግር» ማለት አይበጅም፤ አንድ አስኳል ሳይሰጥና ሳይቀበል ከጉልበት ደረጃ ወደ ጉልበት ደረጃ ሲለወጥ ለሚሆነው ይቀመጥ። ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ለሚሄደው «ዝውውር» ይስማማል። ሁለቱ ቃላት ከተደባለቁ ሁለት የተለያዩ ክንውኖች በአንድ ስም ይጠራሉ።

ነገር ግን ምሳሌው ከልኩ እንዳያልፍ እናሳስባለን። የአስኳል ዘለላ አስቀድሞ ተቆጥሮ እንደ ተቀመጠ ፍሬ አይደለም፤ አንዱ ፕሮቶን ከሌላው ፕሮቶን አይለይምና የትኞቹ ቅንጣቶች ዘለላውን እንደ ሠሩ ማመልከት አይቻልም። የሚለካው አስኳሉ ምን ያህል በዘለላነት እንደሚገኝ ነው፤ ይህንንም «የዘለላነት ድርሻ» እንበለው። ስለዚህ ተርጓሚው «ከአስኳሉ ውስጥ ያለው ዘለላ ተዛወረ» ከማለት ይልቅ «የአልፋ ዘለላ ዝውውር አጸግብሮት ተካሄደ» ቢል ከሳይንሱም ከቋንቋውም ጋር ይስማማል።